ቄሱ፣ ተማሪውና ዋልፑርጊስ፦ ሰይፍ ከብራና ላይ ሲጠና

ሰይፍ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስበው ከቪዲዮ ቤት የተከራየነውን ፊልም ነው። ብረት የለበሰ ፈረሰኛ፣ ለሁለት ሰው የሚከብድ የሚመስል ሰይፍ፣ እንደ መጥረቢያ ከላይ የሚወርድ ምት፣ ከዚያ ጩኸት። እንደ ፊልሙ ከሆነ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓዊ ጉልበት እንጂ ዘዴ አያውቅም። ዘዴው የሩቅ ምሥራቅ ሰዎች ሀብት ነው። ለዚህም ነው ዘዴ የፈለገ የሰፈር ልጅ ሁሉ ቴኳንዶ ወይም ካራቴ የሚመዘገበው።

እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ፣ በሮያል አርመሪስ ሙዚየም ውስጥ ግን ይህን ሐሳብ የሚያፈርስ አንድ የብራና መጽሐፍ ተቀምጧል። በተለምዶ የሚጠራው በመዝገብ ቁጥሩ «አይ 33» ተብሎ ነው። የተጻፈው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም በጀርመን ምድር ነው (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። 32 ቅጠል፣ 64 ገጽ፣ ሁሉም በሥዕል የተሞላ። እስከ ዛሬ ከተገኙት የአውሮፓ የሰይፍ ትምህርት መጻሕፍት መካከል በዕድሜ የሚቀድመው የለም። አስተማሪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቄስ!

አዎ፣ ቄስ። አናቱን ተላጭቶ፣ ረጅም ቀሚሱን ለብሶ፣ በቀኝ እጁ ሰይፍ፣ በግራ እጁ ከሰሐን ብዙም የማትበልጥ ጋሻ ይዞ ተማሪውን ያለማምዳል። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1215 በተደረገው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ካህናት ደም ከሚያፈስ ሥራ እንዲርቁ ደንግጋ ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ግን እኚህ አባት እንዴት ጭንቅላት እንደሚመታ በሥዕል ያስረዳሉ። ሕግ ሌላ፣ ኑሮ ሌላ መሆኑ የእኛ ዘመን ፈጠራ አይደለም ማለት ነው።

መጽሐፉ የተጻፈው በላቲን ነው። የሙያው ቃላት ግን እዚህም እዚያም በጀርመንኛ እንዳሉ ቀርተዋል። ጋራዥ ገብታችሁ ታውቁ ከሆነ ነገሩ አይገርማችሁም። መካኒኩ በአማርኛ እያወራ «ካምቢዮ» እና «ፍሪሲዮን» ላይ ሲደርስ ጣሊያንኛ እንደሚገባው ሁሉ፣ የእኚህ ቄስ ላቲንም የሰይፍ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ያልቅበታል። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ጸሐፊው ሙያውን ከቤተ መጻሕፍት አላመጣውም፤ ላብ ከሚፈስበት ቦታ ነው ያመጣው።

ትንሿ ጋሻ ምን ታደርጋለች?

ስሟ ባክለር ይባላል። ስፋቷ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። እንደ ትልቁ ጋሻ ክንድ ላይ አትታሰርም። ከመሐሏ ወደ ውጭ ያበጠ ጉልላት አላት፤ ከጉልላቱ ጀርባ ያለችውን እጀታ በቡጢ ጨብጦ መያዝ ነው። የድስት ክዳን በእጀታው ይዛችሁ ወደ ፊት ዘርጉ፤ በቃ አገኛችኋት። አብሯት የሚሄደው ሰይፍ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ቀጥ ያለ፣ በሁለቱም በኩል ስለት ያለው፣ አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም ነው። ክብደቱ? አንድ ኪሎ ወይም ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ፊልሙ ላይ የምናየው ባለ አሥር ኪሎ ሰይፍ የፊልሙ ነው።

ትልቅ ጋሻ ለጦር ሜዳ ነው፤ ይዘውት ገበያ አይወጡም። ባክለር ግን ከወገብ ላይ ከሰይፉ ጋር ተንጠልጥላ ሰውየው ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የከተማ መሣሪያ ናት፤ የከተማ ጣጣም ይዛ መጥታለች። በ1285 በንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ዘመን የወጣው የለንደን ከተማ ደንብ የሌሊት ደወል ከተደወለ በኋላ ሰይፍና ባክለር ይዞ መንገድ ላይ መንጎራደድን ከለከለ። እዚያው ላይ በከተማዋ ውስጥ የሰይፍ ትምህርት ቤት ከፍቶ የሚያስተምር ሰው 40 ቀን እንዲታሰር አዘዘ። ሕግ የሚወጣው ሰው የሚያደርገውን ነገር ለመከልከል ነውና፣ የለንደን ወጣት ከሥራ በኋላ የት ይውል እንደነበር ደንቡ ራሱ ነግሮናል። በኋላም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጋሻውን እያንኳኳ ጠብ የሚፈልግ ጉረኛ «ስዋሽባክለር» የሚል ስም ወጣለት። ዛሬ ቃሉ የጀብድ ፊልም መጠሪያ ሆኗል፤ ድሮ ግን የጎረምሳ ስድብ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ የምታንስ ጋሻ ምን ትከላከላለች? ሆድን አትሸፍን፣ እግርን አትሸፍን! መልሱ ቀላል ነው፤ ግን ጀማሪ ሁሉ በራሱ አይደርስበትም። ባክለር በዋናነት የምትጠብቀው ሰይፍ የያዘውን እጅ ነው። የዚያ ዘመን ሰይፍ እጀታ ላይ አንዲት አግዳሚ ብረት ብቻ ናት ያለችው። እጃችሁን ዘርግታችሁ ስትመቱ ለባላጋራችሁ ከሁሉ የሚቀርበው የእናንተው ጣት ነው። ስለዚህ ሰይፉ በሄደበት ሁሉ ጋሻዋ አብራው ትሄዳለች፤ እንደ ጋሻ ጃግሬ።

የመጀመሪያው ትምህርት

አሁን እኛም ከተማሪው ጎን እንቁም። መጀመሪያ የምንማረው ሰባት አቋቋሞችን ነው። አንደኛው ሰይፉ ከግራ ብብት ሥር ወደ ኋላ የሚቀመጥበት ነው፤ ከሰገባው ሊመዘዝ የተዘጋጀ ይመስላል። ሁለተኛው በቀኝ ትከሻ ላይ፣ ሦስተኛው በግራ ትከሻ ላይ፣ አራተኛው ከራስ በላይ፣ አምስተኛው በቀኝ ጎን፣ ስድስተኛው ደረት ላይ ነው። ሰባተኛው ሰይፉን ወደ ፊት ዘርግቶ ጫፉን ማስቀደም ሲሆን፣ በጀርመንኛው «ላንጎርት» ይባላል፤ ረጅሙ ጫፍ እንደማለት ነው።

ቄሱ ስለነዚህ ሰባት አቋቋሞች የሚሉት ነገር ለጀማሪ ደስ ይላል። ሰይፍ በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ፣ ጥበቡን የማያውቀው ሳይቀር፣ ከእነዚህ ከሰባቱ አይወጣም ይላሉ። አስቡት፤ ዱላ ይዛችሁ ብትቆሙ የግድ ከሰባቱ በአንዱ ናችሁ። ልዩነቱ የቆመበትን ማወቁና አለማወቁ ላይ ነው።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ አቋቋም መልስ አለ። መጽሐፉ መልሱን በላቲን ከበባ ይለዋል። እሱ ሰይፉን ከብብቱ ሥር አድርጎ ከቆመ፣ እኛ ሰይፍና ጋሻችንን አንድ ላይ አድርገን ከፊታችን እንዘረጋለን። ይህ «ሃልብሺልት» ነው፤ ግማሽ ጋሻ። መንገዱን ዘጋንበት። እሱ ደግሞ ዝም አይልም፤ ከሰይፋችንና ከጋሻችን ሥር በራሱ ሰይፍ ይገባል። ሁለቱ ስለቶች ይገናኛሉ። ትምህርቱ በእውነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ፊልም ላይ ሰይፍ ከሰይፍ ሲጋጭ «ካንግ!» ይልና ይለያያል፤ እንደገና «ካንግ!» ይላል። በአይ 33 ግን ሰይፎቹ ከተነካኩ በኋላ አይለያዩም። ይህንን ሁኔታ መጽሐፉ «ማሰር» ነው የሚለው። ከላይ የሆነው አስሯል፤ ከታች የሆነው ታስሯል። ከዚያ በኋላ ዓይን ብቻ አይበቃም፤ እጅ ያዳምጣል። ባላጋራችሁ አጥብቆ ከገፋ፣ ጉልበቱን ለቀቅ አድርጋችሁ በሌላ በኩል መዞር። ከላላ ደግሞ በያዛችሁት መስመር መግባት። ትግል የሚያውቅ የገጠር ልጅ ይህ በአንድ ቃል ይገባዋል፤ ሲገፉህ ተሳብ፣ ሲስቡህ ግፋ።

ካሰሩ በኋላ የሚመጣው ዋናው ብልሃት «ሺልትሽላክ» ነው፤ የጋሻ ምት። ላይኛው ሰው በባክለሩ የባላጋራውን ሁለት እጆች ከነጋሻው አንድ ላይ ገፍቶ ይይዛቸዋል፤ ሰይፉ ነፃ ይወጣል፤ ጭንቅላት ላይ ያርፋል። ከላይ የመከላከያ ዕቃ የመሰለችን ጋሻ እዚህ ላይ ሰንሰለት ሆነች ማለት ነው። ታሳሪውም መላ አያጣም። ሰይፉን አዙሮ በሌላ በኩል ይመጣል፣ ወይም ገብቶ ክንድ ይይዛል፤ ነገሩ ወደ ትግል ይለወጣል።

ጀማሪ የሚቸገረው በሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ሁለቱን እጆች መነጣጠል ነው። ሰይፉ ሲወጣ ጋሻው ወደ ደረት ይሰበሰባል፤ ጣት ይመታል። ሁለተኛው ሰውየውን ትቶ ሰይፉን ማሳደድ ነው። ሦስተኛው እግርን ከእጅ ማስቀደም ነው። እግር ከቀደመ ገላ ያለ መከታ ባላጋራው ዘንድ ይደርሳል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ሲልቨር በ1599 ባሳተመው መጽሐፍ አጥብቆ የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ እጅ ይቅደም፣ እግር ይከተል። በወቅቱ ቀጭኑንና ረጅሙን የጣሊያን ሰይፍ፣ ሬፒየርን፣ ለለንደን ወጣቶች የሚያስተምሩ ጣሊያኖች ገነው ነበርና ሲልቨር በቁጣ ነው የጻፈው፤ የአገሩ አጭር ሰይፍና ባክለር ይሻላል ባይ ነው። ነገሩ አልሆነለትም። ፋሽን ክርክር አይሰማም።

መምህሩም ጀማሪ ሲሆን

ከዚህ በኋላ ነው የእኛ ዋና ነገር የሚመጣው። ቴኳንዶ ስትማሩ አስተማሪያችሁ ከአስተማሪው፣ እሱም ከአስተማሪው ተምሯል። ሰንሰለቱ አልተቋረጠም። የሰይፍና ባክለር ሰንሰለት ግን ተበጥሷል። በ1531 ማንቾሊኖ፣ በ1536 ማሮዞ የተባሉ የቦሎኛ መምህራን ስለ ሰይፍና ትንሽ ጋሻ መጻሕፍት አሳትመው ነበር። ከዚያ ሬፒየር መጣ፤ ቀጥሎ ከሱም የቀለለ ሰይፍ መጣ፤ በመጨረሻም ዛሬ በኦሊምፒክ የምናየው ስፖርት ሆነ። ባክለር የሚያስተምር ሰው ጠፋ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኤገርተን ካስልና አልፍሬድ ሃተን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የድሮ መጻሕፍትን አገላብጠው ትንሣኤ ሞከሩ። ካስል በ1885፣ ሃተን በ1892 መጽሐፍ አሳተሙ፤ ለንደን ውስጥም ለተመልካች ትርኢት አሳዩ። እሱም ከነሱ ጋር ቀዘቀዘ። እንደገና የተነሳው በ1990ዎቹ ነው። ሰዎች የብራና ፎቶ ኮፒ በኢንተርኔት መለዋወጥ ጀመሩ። በ2003 ጄፍሪ ፎርገንግ አይ 33ን ከነሥዕሉ በእንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመው። ከ2006 ጀምሮ ስዊድን ጎተንበርግ ከተማ «ስዎርድፊሽ» የሚባል ውድድር ይካሄዳል። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ውስጥ አንድ የስፖርት አዳራሽ ተከራይተው፣ የፊት መከላከያ አጥልቀው፣ ወፍራም ጓንት አድርገው የሚለማመዱ ክበቦች አሉ። ጀማሪው መጀመሪያ የናይለን ወይም የደነዘ ብረት ሰይፍ ነው የሚይዘው።

እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች አስተማሪያቸው 700 ዓመት የሆነው ሥዕል ነው። ሥዕል ደግሞ ጥያቄ ሲጠይቁት ዝም ይላል። በአይ 33 ውስጥ የተሳሉት ሰዎች እግራቸው እንደ ድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ ጣታቸው ወደ ታች ያመለከተ፣ መሬት ያልረገጡ የሚመስሉ። ክብደታቸው በየትኛው እግር ላይ ነው? ሥዕሉ አይናገርም። ሠዓሊው የቀረጸው ሁለት ቅጽበት ነው፤ በመሐል ያለውን እንቅስቃሴ ግን መሙላት ያለበት አንባቢው ነው። ከዚህም ሌላ ከመጽሐፉ የጎደሉ ቅጠሎች አሉ፤ የቅጠሎቹ ቅደም ተከተልም ያከራክራል።

ስለዚህ አንዱ ክበብ ያንኑ ሥዕል ዘንበል ብሎ ይሠራዋል፤ ሌላው ቀጥ ብሎ። የሚያስገርመው ደግሞ መሣሪያው ራሱ ንባቡን መለወጡ ነው። ደነዝ ሰይፍ ከደነዝ ሰይፍ ጋር ሲገናኝ ያንሸራትታል። ስለት ከስለት ጋር ሲገናኝ ግን ይነካከሳል፤ ይያያዛል። በጥንቃቄና በዝግታ በስል ሰይፍ የሞከሩ ሰዎች መጽሐፉ ስለ ማሰር ይህን ያህል ገጽ ለምን እንዳባከነ የገባቸው ያኔ ነው። በሌላ በኩል ውድድር የሚወዱት «ባላጋራ በሙሉ ፍጥነት የማይመታበት ልምምድ ጭፈራ ነው» ይላሉ። የመጽሐፍ ወዳጆቹ ደግሞ «ጣት በመንካት ነጥብ መሰብሰብ የቄሱን ጥበብ አያሳይም» ብለው ይመልሳሉ። ለእኛ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሥዕሉን ብቻ የያዘ ሰው አይመታም፤ መምታቱን ብቻ የያዘ ሰው ደግሞ የሚያስነሳው ጥበብ የለውም።

ከዚህ ሁሉ የምንወደው ነገር አንድ ነው። አዳራሹ ውስጥ 15 ዓመት የሠራው አሠልጣኝ «ይህን ገጽ እንዲህ ይመስለናል፤ ነገ ግን ልንለውጠው እንችላለን» ማለት ይችላል። ትናንት የመጣው ጀማሪም «እግሩ ለምን እንዲህ አልሆነም?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄውም ይፈተሻል። መምህር ሁሉን አዋቂ በሆነበት አገር ለተማርን ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የብራናው ስደት

መጽሐፉ ሊድስ እንዴት ደረሰ? ሃይንሪክ ፎን ጉንተሮድት የተባለ ጀርመናዊ በ1579 እንደጻፈው፣ አንድ ወዳጁ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በነበረ ዘመቻ ላይ ፍራንኮኒያ ውስጥ ካለ ገዳም አገኘውና ወሰደው። በኋላ ጎታ ከተማ በሚገኘው የመሳፍንቱ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፋ። በ1950 ለንደን ውስጥ በጨረታ ብቅ አለ፤ ሮያል አርመሪስም ገዛው።

ዘማች፣ ገዳም፣ ብራና፣ ለንደን። ታሪኩ የት እንደሰማነው አንስተውም። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ብራናዎቻችንም መጨረሻቸው እዚያው እንግሊዝ አገር ነው። ብራና የሚጠፋው ሲቃጠል ብቻ አይደለም፤ የሚያነበው ሰው ከሌለበት ቦታ ሲቀመጥም ይጠፋል። አይ 33ም ለዘመናት መደርደሪያ ላይ ነበር። ሕይወት የዘራበት ሰዎች ገልጠውት፣ ቆመው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ሲሞክሩት ነው።

የእኛስ ጋሻ?

ጋሻና ጎራዴ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደሉም። በ1896 አድዋ ላይ ከጠመንጃው ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። ቋንቋችን ዛሬም ይዟቸዋል። መሬት በጋሻ ይለካ ነበር፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ። የባለሥልጣን ተከታይ ዛሬም ጋሻ ጃግሬ ይባላል። ችግር ሲመጣ «እንመክታለን» እንላለን። እንግሊዞች «ስዋሽባክለር» የሚለውን ቃል ይዘው ባክለሩን እንደረሱት ሁሉ፣ እኛም ቃሉን ይዘን እጁን እየረሳን ነው። መመከት የምንለው ነገር ጋሻው ከየት ወዴት ሲሄድ ነው? ከእግር የትኛው ይቀድማል? ጎራዴው ከጋሻው በላይ ነው የሚመጣው ወይስ ከጎን?

የፈረንጆቹ ክበቦች ይህንን ለመመለስ ከአንድ ብራና ጋር 30 ዓመት ታግለዋል። የሚጠይቁት ሰው ስለሌላቸው ነው። እኛ ግን በየገጠሩ ጋሻ ይዘው የሚፎክሩ፣ በዱላ መመከት የሚያውቁ፣ ትግል ያደጉበት አባቶች አሁንም አሉን። ለበዓል አገር ቤት ስንሄድ ፉከራውን በሞባይል ቀርጸን፣ ስቀን፣ ለጓደኛ ልከን እንመለሳለን። በሚቀጥለው ጊዜ ካሜራውን ወደ እግራቸው ዝቅ እናድርገው። «አባባ፣ እስቲ ቀስ ብለው ያሳዩን» እንበል። ከዚያ እኛ እንያዝ፤ እሳቸው ያርሙን። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ከሰዓት ነው።

አይ 33 መጨረሻው ገጾች ላይ ሲደርስ ተማሪው ከሥዕሉ ይወጣና በቦታው አንዲት ሴት ትገባለች። ሰይፏንና ባክለሯን ይዛ ከቄሱ ፊት ትቆማለች። ቄሱ «ቄስ» ብቻ ነው፤ ተማሪውም «ተማሪ» ብቻ። ከተሳሉት ሁሉ በስሟ የተጠራችው እሷ ናት፤ ዋልፑርጊስ። ማን እንደነበረች፣ ለምን እንደመጣች መጽሐፉ አንድም ቃል አላስቀመጠም። ግን አንድ ሰው ያኔ ስሟን ለመጻፍ ስላልሰነፈ ከ700 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሆነን እንጠራታለን። የእኛዎቹን አባቶችና እናቶች ስም የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከእኛ ሌላ የለም።